ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ ሲዘጋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ (በተለይ ከከተማ ዳር ለምንኖር)

መጀመሪያ የኔን ልንገራችሁ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈው በሱ ምክንያት ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ገበያ ሄዳ እኔና የሁለት አመት ልጃችን ቤት ነበርን፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰጣ ልብስ ልሰብስብ ብዬ ወጣሁ፣ የሳሎኑ መስኮት ክፍት ስለነበር ንፋሱ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። በራችን ያ ከውጪ እጀታው የማይዞረው የቻይና የብረት በር ነው፣ አንዴ ከተዘጋ ያለ ቁልፍ ከውጪ አይከፈትም፣ ቁልፉ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ልጄ ከውስጥ "አባ አባ" እያለ በሩን ይመታል፣ ምድጃ ላይ ሽሮ ጥጃለሁ።

በትከሻዬ ሁለት ሶስቴ ገፋሁት፣ በሩ ምንም አልሆነም፣ ልጁ ግን በጣም ደነገጠና ማልቀስ ጀመረ። ሶስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ቁልፉ አልነበረም፣ "የጣድከው ነገር አለ?" ነው ያሉኝ። አዎ ስላቸው "በሩን ተወውና ሩጥ ቆጣሪህን አጥፋ" አሉኝ። ቆጣሪያችን ምድር ላይ ደረጃው ስር ካለው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ወርጄ የኛን ቤት ብሬከር አጠፋሁት፣ ምድጃው ኤሌክትሪክ ስለሆነ በዛው ጠፋ። እሳቸው በሩ ስር ቁጭ ብለው ልጁን በስሙ እየጠሩ ሲያጫውቱት ዝም አለ፣ እኔ ለባለቤቴ ደወልኩ፣ ቁልፏ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ በ35 ደቂቃ ደረሰች። ቆጣሪው ለኔ በፍጹም ትዝ አላለኝም ነበር፣ እትዬ ባይመጡ ያ ሽሮ አሮ ቤቱ በጭስ ይሞላ ነበር።

መሀል ከተማ ቢሆን ፒያሳም መገናኛም መርካቶም መንገድ ዳር ቁልፍ የሚቀርጹ ልጆች አይጠፉም። ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ለምንኖር ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሰው ጠርቶ ማስመጣት ከባድ ነው፣ የሚመጣ ቢገኝም የመንገዱን ጨምሮ ነው የሚጠይቃችሁ። መብራት ከጠፋ ኮሪደሩ ድቅድቅ ይላል፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ጅብም እንዳለ ዳር ላይ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እኛ ጋ ዋናው መፍትሄ ቁልፍ ሰሪው ሳይሆን አጠገባችሁ ያለው ሰው ነው፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

በሩ እንደተዘጋ የመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ማን አለ፣ ምን ተጥዷል ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ቆጣሪ ማጥፋት። የጋዝ ምድጃ ከሆነ ግን ከውጪ ማጥፋት አትችሉም፣ የማረር ሽታ ወይ ጭስ ካያችሁ የበሩን ዋጋ እያሰባችሁ እንዳትቆሙ፣ ስበሩት። የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ ደወል አትጫኑ፣ ክብሪትም አትጫሩ። ሌላው በጣም የምፈራው ከሰል ነው፣ በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ በር መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው፣ የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ስለዚህ ውስጥ ከሰል እንዳለ እያወቃችሁ ሰው ጠርታችሁ መልስ ካጣችሁ ወዲያው መስኮት ሰብራችሁ አየር አስገቡ። ምድር ላይ ያለ ቤት መስኮቱ ብረት ስለሚኖረው ብትሰብሩትም አትገቡም፣ ግን አየር ይገባል፣ በረጅም እንጨትም የውስጡን እጀታ ወይ መወርወሪያ መድረስ የሚቻልበት ቤት አለ። መስታወት ስትሰብሩ ልጁ ካለበት የራቀውን ምረጡ፣ ጃኬት እጃችሁ ላይ ጠቅልሉ።

አዲስ አበባ ላይ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ስትደውሉ ሳይቱን፣ የብሎክ ቁጥሩን፣ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፣ አንድ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ጋ ወርዶ እንዲጠብቃቸው ላኩ፣ ብሎኮቹ ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ አይነት ናቸው። ቤታችሁ ሸገር ከተማ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አስተዳደሩ ከአዲስ አበባ የተለየ ስለሆነ የሰፈራችሁን ጣቢያ ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፣ መንገድ ተሻግሮ ያለው ሰፈር የሌላ መስተዳድር ሊሆን ይችላል እኮ።

ውስጥ ማንም ከሌለና የሚነድ ነገር ከሌለ ግን አትቸኩሉ። ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ካለ ጠብቁት፣ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አዲስ በር ከመግዛት ይሻላል። አከራያችሁ ቅጂ ይዘው ሊሆን ይችላል፣ ደውሉላቸው። በረንዳ ዘሎ መግባትን ግን ከአንደኛ ፎቅ በላይ እንዳታስቡት፣ ከጎረቤት በረንዳ ወደኔ በረንዳ አንድ እርምጃ ናት ብሎ የጀመረ ሰው አይቼ ልቤ ቆሞ ነበር፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ አጥሩ ብየዳው ምን ያህል እንደያዘ ማንም አያውቅም፣ የጎረቤት ልጅ ቀጭን ነው ብላችሁም ልጅ አትላኩ።

ቀጥሎ በሩ በምንድነው የተዘጋው የሚለውን እዩ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ነው በሩን የሚያበላሸው። በሰረገላው (በሩ ውስጥ የተቀበረው የቁልፍ ሳጥን) ላይ ሁለት ነገር አለ፣ አንደኛው በስፕሪንግ የሚሰራው ጫፉ ሰያፍ የሆነው ምላስ ነው፣ በሩ ሲገፋ ራሱ ገብቶ ራሱ የሚወጣው። ሁለተኛው ቁልፍ ስታዞሩ ብቻ የሚወጣው አራት ማዕዘን ብረት ነው። ንፋስ የዘጋው በር የተያዘው በምላሱ ብቻ ነው፣ ለዛ ነው በእንጨት በርና በመቃኑ መሀል ጠንካራ ፕላስቲክ አስገብቶ ሰያፉን ወደ ውስጥ በመግፋት የሚከፈተው፣ ለዚህ የሞባይል ካርድ የሚያህል ስስ ነገር አይሆንም፣ የባንክ ካርዳችሁንም ይሰብርባችኋል፣ ከዘይት ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ ይሻላል። በሩን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ላላ እያደረጋችሁ ነው የሚሞከረው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጪ ከሆነ የምላሱ ሰያፍ ወደ ውስጥ ስለሚዞር ይሄ አይሰራም፣ የቻይና የብረት በር ላይም ዙሪያውን የሚሸፍን ከንፈር ስላለው በአብዛኛው አይገባላችሁም። ቁልፉ ተዙሮ ከነበረ ደግሞ በፕላስቲክ ጊዜ አታጥፉ፣ አራት ማዕዘኑ ብረት አይገፋም።

ሌላው በጣም የሚያጋጥመው፣ አንዱ የቤት ሰው ከውስጥ ቁልፉን እንደሰካ ተኝቶ ወይ በሌላ በር ወጥቶ እናንተ ከውጪ ቁልፍ ይዛችሁ አልገባ ሲላችሁ ነው። ተራ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበትና የሚዞርበት ክፍል) ከአንድ በኩል ቁልፍ ከተሰካ ከሌላው በኩል አይሰራም። አትታገሉት፣ በጉልበት ካዞራችሁት ቁልፉ ይሰበራል። ውስጥ ያለው ቁልፍ ቀጥ ብሎ ከቆመ የናንተን ቀስ አድርጋችሁ እየነቀነቃችሁ ስትገፉት የውስጡ ሊወድቅ ይችላል፣ ዞሮ ከቆመ ግን አይወጣም፣ ደውላችሁ ቀስቅሱ።

ቁልፉ ገብቶ አልዞር ካለ ደግሞ ሁሌ ሲሊንደሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። እኛ ጋ አስፋልት ያልገባበት መንገድ ብዙ ስለሆነ አቧራው ቁልፍ ውስጥ ይገባል፣ የላሜራ በር ደግሞ ቀን ፀሀይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ማጠፊያው ሲላላ በሩ ይወርድና አራት ማዕዘኑ ብረት ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። እጀታውን ይዛችሁ በሩን ወደ ላይ አንሱ፣ ካልሆነ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ካልሆነ ግፉ፣ በየአንዳንዱ ላይ ቁልፉን በቀስታ ሞክሩ፣ የኛ የግቢ በር ለአንድ አመት የተከፈተው እየተነሳ ነው። ለአቧራው መድሃኒቱ የምግብ ዘይት አይደለም፣ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ከአንድ ወር በኋላ ጭራሽ ያደርቀዋል፣ የእርሳስ እምብርት በቢላ ፍቃችሁ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ቀብታችሁ ብዙ ጊዜ አስገቡ አስወጡ።

ቁልፉ ውስጥ ከተሰበረ የተረፈውን ቁራጭ መልሳችሁ አትክተቱ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ጫፉ ከታየ በቀጭን ፒንሳ፣ ካልታየ በቀጭን የሰጌቶ ምላጭ ጥርሱ ላይ አስይዞ መሳብ ነው፣ ከመሳባችሁ በፊት ሲሊንደሩ ቁልፍ በሚገባበት ቀጥ ባለ አቋም ላይ መሆኑን እዩ፣ ትንሽ ዞሮ ከሆነ አይወጣም፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ ቦታው መልሱት። ሱፐር ግሉ አድርጋችሁ አጣብቃችሁ ለማውጣት እንዳትሞክሩ፣ ሲሊንደሩን ነው የምታጣብቁት። ሁለቱንም ስብርባሪ አስቀምጡ፣ ቁልፍ ቀራጭ ከሱ አዲስ ማውጣት ይችላል። ጓጉንቸር ከሆነና ክረምት ላይ ዝጎ እምቢ ካለ የፍሬን ዘይት አይሁን፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝታችሁ ትንሽ ጠብቁት፣ ካልሆነ ሰፈር ያለ በያጅ በግራይንደር ይቆርጥላችኋል፣ ጓጉንቸር ርካሽ ነው በሱ አትጨነቁ።

ቁልፍ ሰሪ ስትጠሩ። የሚከፍተው ሰው ነገም ሊከፍተው የሚችል ሰው ነው፣ ስለዚህ ከመንገድ ከምታመጡት ጎረቤት ወይ የሳይቱ ጥበቃ የሚያውቀው ይሻላል። ስራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋ ጨርሱ፣ መክፈቻው ስንት፣ ሲሊንደር ቢቀየር ስንት፣ ትራንስፖርት ይጨምራል ወይ። አንዴ ወንድሜ ቤት የመጣ ልጅ ገና በሩን ሳያይ ትራፓኖ አውጥቶ ሲሊንደሩን በሳው፣ ከዛ አዲስ ሲሊንደር ከቦርሳው አውጥቶ ከሱቅ ዋጋ በላይ ሸጠለት፣ በሩ ግን ተዘግቶ የነበረው በምላሱ ብቻ ነው። ጥሩ ቁልፍ ሰሪ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቁልፍ አዙራችሁበታል ወይ፣ ከውስጥ ተሰክቷል ወይ ይላል፣ መብሳት የመጨረሻው ነው። ቤቱ የናንተ መሆኑንም ይጠይቃል፣ ሲጠይቅ አትቆጡ፣ የማይጠይቅ ሰው የኔንም ቤት ለሌላ ሰው ይከፍታል ማለት ነው። የፋይዳ መታወቂያችሁንና የቤት ኪራይ ውላችሁን ፎቶ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መታወቂያው ውስጥ ተዘግቶበት ለሚቀር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብርም ውስጥ ከቀረ በቴሌብር ይከፈላል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም *127# አለ።

ስለ ተከራዮች ደግሞ ለብቻው ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ውጪ የሚያድረው ቁልፍ ጠፍቶበት ሳይሆን የግቢው በር ከውስጥ በመወርወሪያ ተዘግቶበት ነው። ሰርቪስ ቤት ተከራይታችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ በር የሚዘጋበት ግቢ ከሆነ ይሄን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የማታ ስራ ወይ የማታ ትምህርት ካለ "እማማ እኔ ማክሰኞና ሀሙስ እስከ 4 ሰዓት አመሻለሁ፣ መወርወሪያውን ትተው በቁልፍ ቢዘጉት ቅጂውን እኔ አስቀርጻለሁ" ብሎ በክብር መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሰራል። ድንገት ከመሸባችሁ በር ከመደብደብ በፊት ደውሉ፣ የአከራዩን ብቻ ሳይሆን የሌላ ተከራይ ቁጥርም ያዙ። አጥር ዘላችሁ እንዳትገቡ፣ ውሻ ተፈቶ ይሆናል፣ አጥሩ ላይ ጠርሙስ ተሰክቶ ይሆናል፣ ጨለማ ውስጥ አጥር ላይ የታየ ሰው ደግሞ ሌባ ነው ተብሎ ነው የሚመታው፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ካልተከፈተላችሁ የሳይት ጥበቃዎች ጋ እሳት ዳር አምሹ ወይ ጓደኛ ጋ እደሩ፣ ብቻችሁን ዳር ዳሩን በእግር አትዙሩ።

ወደ መኪና። ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ ከተቆለፈ በመጀመሪያ አምስቱንም በር ሞክሩ፣ ቪትዝና ያሪስ አይነት መኪና ላይ የኋላው በር ተረስቶ ክፍት ሊገኝ ይችላል፣ በዛ ገብቶ ወንበሩን አጥፎ ማለፍ ይቻላል። በኋላ የተገጠመ አላርም ያለው መኪና ደግሞ በሪሞት ከፍታችሁ በር ሳትከፍቱ ከቆያችሁ መልሶ ራሱን የሚቆልፍ አለ፣ ስለዚህ ቁልፍ ወንበር ላይ ወርውሮ ጎማ ለማየት መውረድ ልማድ አይሁን። ባለሙያው በበሩ ጠርዝ የምትነፋ ትንሽ ከረጢት አስገብቶ ክፍተት ፈጥሮ በረጅም ዘንግ ቁልፉን ወይ የበሩን መክፈቻ ይነካዋል፣ በደንብ ከተሰራ ምንም አይጎዳም። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሰው በካቻቢቴ በሩን ልፈልቅቅላችሁ ካለ ግን እምቢ በሉ፣ ፍሬሙ ይጣመምና ክረምት ሙሉ ውሀ ያስገባል። በመስታወቱና በጎማው መሀል ወደ ታች ብረት መክተትም በድሮ መኪና ነው እንጂ አሁን በሩ ውስጥ ገመድ ሞልቶበታል።

ሪሞቱ ካልሰራ ቁልፍ ጠፋ ማለት አይደለም። ቁልፍ አልባ የሚነሱት መኪናዎች ሪሞት ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ስትጫኑ ይወጣል፣ ማስገቢያው የአንዳንዱ እጀታው ላይ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። አሁን ሰፈራችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች በሩ በሪሞት አይከፈትም፣ ያኔ የምታድናችሁ ያቺ የብረት ቁልፍ ናት፣ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ሞክሯት። የሪሞቱ ባትሪ ብዙዎቹ ላይ 2032 የምትባለው ጠፍጣፋዋ ናት፣ ከሞተች ገብታችሁ ሪሞቱን ማስነሻው በተን ላይ አስጠግታችሁ ስትጫኑ ብዙዎቹ መኪናዎች ይነሳሉ።

መኪና ውስጥ ልጅ ተቆልፎ ከቀረ ግን ባለሙያ አትጠብቁ። ፀሀይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው የሚለው መኪና ውስጥ አይሰራም፣ የህጻን ሰውነት ደግሞ ከትልቅ ሰው ቶሎ ይግላል። ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት መሀሉን ሳይሆን ጥግ ጥጉን በሹል ብረት ምቱት፣ የጎኑ ተሰባብሮ እንደ ጠጠር ነው የሚረግፈው፣ የፊተኛው ግን ሁለት መስታወት ተጣብቆ የተሰራ ስለሆነ በሱ አትድከሙ።

ቁልፉ ጨርሶ ከጠፋ፣ አሁን ያሉት አብዛኞቹ መኪናዎች ቁልፍ ውስጥ ቺፕ አለ፣ ብረቱ ብቻ ቢቀረጽ በሩን ይከፍታል ሞተሩን ግን አያስነሳም፣ ስለዚህ "ሁለተኛ ቁልፍ ላስቀርጽ" ስትሉ ቺፑም ኮድ ይደረግ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ ቁልፍ ማሰራት አንዱ በእጅ እያለ በጣም ይረክሳል፣ ሁሉም ከጠፋ በኋላ ግን ስራው ሌላ ነው። ሊብሬ ይዛችሁ ሂዱ።

ለቤትም ያው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቤት ስትረከቡ ወይ ስትከራዩ ሲሊንደሩን ቀይሩ፣ በሩን ከፍታችሁ ጠርዙ ላይ ያለችውን አንዷን ረጅም ብሎን ፈታችሁ ቁልፉን ትንሽ አዙራችሁ ስትስቡ ይወጣል፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፣ ልኩ የሚለካው ከብሎኑ ቀዳዳ ወደ ሁለቱም ጫፍ በሚሊሜትር ነው፣ 30 በ40 የሆነውን 35 በ35 ብትገዙ ጠቅላላው 70 ነው ብላችሁ አይሆንም። ከውስጥ በእጅ የሚዞር እጀታ ያለውን ጠይቁ፣ ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶ የሚቀርበት ነገር ይጠፋል፣ እሳት ቢነሳም ልጅና ሽማግሌ ቁልፍ ሳይፈልግ ይወጣል። ቅጂ ስታስቀርጹ ከዋናው እንጂ ከቅጂ አታስቀርጹ፣ ስህተቱ እየተደመረ ነው የሚሄደው፣ እቤት እንደደረሳችሁ በሩ ክፍት ሆኖ አስር ጊዜ አዙሩት። ቅጂውን ምንጣፍ ስር፣ አበባ ስር፣ ቆጣሪ ሳጥን ላይ አታድርጉ፣ ሁሉም ሰው እዛ ነው የሚያደርገው። ሰው ጋ አድርጉ።

እኛ የኛን ቅጂ እትዬ ጋ አድርገነዋል፣ በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ስማችን ሳይጻፍበት። ልስጥዎት ስላቸው "የኔንም ያዙልኝ" ብለው የሳቸውን ሰጡን፣ የኛ የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት ከለቅሶ ቤት አምሽተው ሲመለሱ ማታ 4 ሰዓት ላይ በራችንን አንኳኩ፣ ቦርሳቸውን ለቅሶ ቤት ረስተው ነበር፣ ቁልፋቸውን ሰጥቻቸው ደረጃው ጨለማ ስለነበር በስልኬ መብራት እስከ በራቸው ሸኘኋቸው።